ቴዎዶር ቦቬሪ፤ የዘርን ምስጢር በፈረስ ወስፋት ውስጥ ያገኘው ሊቅ

ቦቬሪ የሚለውን ስም ብዙ ሰው የሚያውቀው በኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይ ተቀርጾ ስላየው ነው። ይህን ስም በመኪና ላይ ያስቀረጸው ዋልተር ቦቬሪ ሲሆን፣ ብራውን ከሚባል መሐንዲስ ጋራ በ1891 በስዊስ አገር በባደን ከተማ ያቋቋመው ኩባንያ እስከ 1988 ድረስ በሁለቱ ሰዎች ስም ሲጠራ ቆይቶ፣ ከአንድ የስዊድን ኩባንያ ጋራ ሲዋሐድ ስሙን ለውጧል። ዋልተር ግን ቴዎዶር የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። ቴዎዶር መኪና አልሠራም፤ ሀብትም አላከማቸም። ዕድሜውን ያሳለፈው ከፈረስ አንጀት የሚወጣውን ወስፋትና ከባሕር የሚለቀመውን የባሕር ጃርት እንቁላል በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ነው። እንዲህም ሆኖ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሰው ልጅ ከአባቱ 23፣ ከእናቱ 23 ክሮሞሶም ይወርሳል እየተባለ ለሚሰጠው ትምህርት መሠረቱን ከጣሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቴዎዶር ቦቬሪ በጀርመን አገር፣ በባቫሪያ ግዛት፣ በባምበርግ ከተማ ኦክቶበር 12 ቀን 1862 ተወለደ። አባቱ በሕክምና የሠለጠነ ሰው ነበር፤ ቴዎዶርም ከአራት ወንዶች ልጆች ሁለተኛው ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ሥዕል መሣልና ፒያኖ መምታት ይወድ ስለ ነበር፣ ያን ጊዜ ያየው ሰው ኋላ የሥነ ፍጥረት ተመራማሪ ይሆናል ብሎ አይገምትም ነበር። በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜም በመጀመሪያ የመረጠው የታሪክና የፍልስፍና ትምህርት ነበር። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ወደ ሥነ አካል ጥናት ዞረ፤ በ1885ም ስለ ነርቭ ክሮች በጻፈው ድርሰት የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። በዚያው ዓመት ላሞንት በሚባል ሰው ስም ከተቋቋመ ገንዘብ የአምስት ዓመት ድጎማ አገኘ፤ ጊዜውም ኋላ ወደ ሰባት ዓመት ተራዘመለት። ለወጣት ተመራማሪ ከዚህ የሚበልጥ ዕድል የለም። የማስተማር ግዴታ የለበትም፣ የዕለት እንጀራም አያስጨንቀውም፤ ስለዚህ ሰባቱን ዓመት የልቡን ጥያቄ ለመከተል አዋላቸው።

ጥያቄው ምን ነበር? በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ዓመታት ማይክሮስኮፕ እየተሻሻለ ሄዶ፣ ሕዋስን በቀለም ነክሮ የመመልከት ጥበብም ተስፋፍቶ ነበር። ሊቃውንቱ እንዳዩት አንድ ሕዋስ ለሁለት ሊከፈል ሲል፣ በእምብርቱ ማለት በኒውክለሱ ውስጥ ቀለም በብዛት የሚጠጡ ክሮች ይታያሉ። እያንዳንዱ ክር ለርዝመቱ ተሰንጥቆ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱም ግማሾች ወደየአቅጣጫቸው ይሳባሉ፤ እንዲህም ሁለቱ አዳዲስ ሕዋሳት የክሮቹን እኩል ድርሻ ይቀበላሉ። ለእነዚህ ክሮች በ1888 ዋልዳየር የሚባለው ጀርመናዊ ሊቅ ክሮሞሶም የሚል ስም አወጣላቸው፤ ትርጓሜው ቀለም ያለው አካል ማለት ነው። እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ልጅ የሚፀነሰው የአባት ዘርና የእናት እንቁላል ሲዋሐዱ ነው። ሁለቱም እንደ ሌላው የአካል ሕዋስ ሙሉ የክሮሞሶም ቁጥር ቢኖራቸው፣ በልጁ ቁጥሩ እጥፍ፣ በልጅ ልጁ ደግሞ የእጥፍ እጥፍ በሆነ ነበር። ለምሳሌ በሰው 46 የነበረው 92፣ ቀጥሎም 184 ይሆናል ማለት ነው። ይህ እንደማይሆን ማንም ያውቃል፤ የአንድ ዓይነት ፍጡር የክሮሞሶም ቁጥር ከትውልድ እስከ ትውልድ አይለወጥምና። ስለዚህ ከመዋሐድ በፊት አንድ ቦታ ላይ ቁጥሩ በግማሽ መቀነስ አለበት። በ1883 ቫን ቤኔደን የሚባለው የቤልጅግ ሊቅ በፀነሰ እንቁላል ውስጥ የአባቱና የእናቱ ድርሻ እኩል መሆኑን በዓይኑ አየ፤ በ1887ም ቫይስማን የሚባለው ጀርመናዊ ቀናሽ የሆነ ልዩ አከፋፈል ሊኖር ግድ ነው ብሎ በአሳብ ብቻ ተነበየ። የቀረው ነገር ይህ ቅነሳ እንዴት እንደሚፈጸም ደረጃ በደረጃ መከተል ነበር።

ቦቬሪ ለዚህ ሥራ የመረጠው ቫን ቤኔደን አስቀድሞ የተጠቀመበትን የፈረስ ወስፋት ነበር። ወስፋት ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር ስላልሆነ ስለ መልኩ ብዙ ማብራራት አያሻም፤ የፈረሱ ከሰው ወስፋት ይተልቃል፣ ከስንዝርም በላይ ይረዝማል። ሌላው ሰው አይቶ የሚጸየፈው ይህ ትል ለተመራማሪ እንደ ወርቅ የሚቆጠርበት ሁለት ምክንያት አለ። መጀመሪያው የክሮሞሶሞቹ ማነስ ነው። የፈረስ ወስፋት ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ በአንደኛው ሕዋስ ውስጥ የሚገኙት ክሮሞሶሞች አራት ብቻ፣ በሌላው ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ትልልቆችም ስለ ሆኑ ለመቁጠር አያስቸግሩም። ሁለተኛው ምክንያት፣ በሴቲቱ ወስፋት ማኅፀን ውስጥ እንቁላሎቹ በዕድሜያቸው ተራ ተሰልፈው መገኘታቸው ነው። ከወዲያኛው ጫፍ ገና ያልፀነሰው፣ ቀጥሎ የፀነሰው፣ ቀጥሎም ለመከፈል የተዘጋጀው እያለ ይሄዳል። አንድ ትል ሰንጥቆ የተመለከተ ሰው፣ በሌላ እንስሳ ለማየት ብዙ ወራት የሚጠይቀውን ነገር እንደ መጽሐፍ ገጽ ተራ በተራ ሊያነበው ይችላል።

ሁለት ክሮሞሶም ብቻ ያለውን ወስፋት ይዘን ነገሩን እንከተል። ከሁለቱ አንዱ ከአባት፣ ሁለተኛው ከእናት የመጣ ነው። እንቁላሉ ሊበስል ሲል አስቀድሞ እያንዳንዱ ክሮሞሶም ራሱን አጥፍቶ ሁለት ይሆናል፤ ቀጥሎ የአባቱና የእናቱ ድርሻ ተፈላልገው ጎን ለጎን ይጣመራሉ። እንዲህ በሆነ ጊዜ በማይክሮስኮፕ የሚታየው አራት ዘንጎች እንደ ችቦ ታስረው ያሉበት አንድ ጥቅል ነው። ከዚህ በኋላ ሁለት አከፋፈሎች ያለ ዕረፍት ይከታተላሉ። በመጀመሪያው አከፋፈል ከአራቱ ዘንጎች ሁለቱ እጅግ ታናሽ በሆነች ቅንጣት ውስጥ ገብተው ከእንቁላሉ ወደ ውጭ ይጣላሉ፤ በሁለተኛው ከቀሩት ከሁለቱ አንዱ እንደዚሁ በሌላ ታናሽ ቅንጣት ይጣላል። በእንቁላሉ ውስጥ አንድ ብቻ ይቀራል። በወንዱም ዘንድ ሥራው አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ከአንድ እናት ሕዋስ የሚወጡት አራቱም ሕዋሳት እኩል ሆነው አራቱም ዘር መሆናቸው ብቻ ነው። በእንቁላል በኩል ግን ሦስቱ ድርሻዎች ይባክናሉ፤ ለፅንሱ የሚሆነው ስንቅ ሁሉ ለአንዷ እንዲጠራቀም ስለሚያስፈልግ ነው። ከእንቁላሉ የሚጣሉት ቅንጣቶች ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በሊቃውንት ዘንድ ይታወቁ ነበር፤ ምን እንደሆኑ ግን ብዙ ክርክር ነበረባቸው። ቦቬሪ ከ1887 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች፣ ኦስካር ኸርትቪግም በ1890 በበርሊን በዚሁ በወስፋት ላይ ባደረገው ምርመራ፣ ቅንጣቶቹ ዕድላቸው ያልቀና የእንቁላል እኅቶች መሆናቸው ተረጋገጠ።

ለዚህ አከፋፈል ሜዮሲስ የሚል ስም የወጣለት ቆይቶ በ1905 በእንግሊዝ አገር ነው፤ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ማነስ፣ መቀነስ ማለት ነው። እኔ እንደምታዘበው ተማሪዎቻችን የሜዮሲስን ደረጃዎች ስም እንደ ውዳሴ በቃላቸው ይወጡታል፤ ቁጥሩ ለምን መቀነስ እንዳለበት ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። ነገሩ በመቀነስ ብቻ አያበቃም። የአባቱና የእናቱ ድርሻ በሚለያይበት ጊዜ የትኛው ወደየት እንደሚሄድ ዕጣ ይወስነዋል። በሰው 23 ጥንዶች ስላሉ፣ ከአንድ ሰው ሊወጡ የሚችሉት የዘር ሕዋሳት ዓይነት 8,388,608 ነው፤ ይህም የተጣመሩት ክሮሞሶሞች እርስ በርሳቸው ቁራጭ የሚለዋወጡትን ሳንቈጥር ነው። ከአንድ አባትና ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች አንዱ ሌላውን የማይመስልበት ምክንያት ከዚህ ይመነጫል።

ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት ግን ይህን ሁሉ የክሮሞሶም ነገር በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር። ሕዋሱ ተከፍሎ ካበቃ በኋላ ክሮቹ ከዓይን ይሠወራሉ፤ እንደገና የሚታዩት ሌላ አከፋፈል ሲቀርብ ነው። ታዲያ አሁን የታዩት ክሮች ቀድሞ የጠፉት ናቸው ወይስ ከፈሳሹ እንደ አዲስ የረጉ? እንደ ጨው ሟምተው እንደገና የሚረጉ ከሆነ የውርስ ተሸካሚ ሊሆኑ አይችሉም። ቦቬሪ ለዚህ መልስ ያገኘው ከዚያው ከወስፋት እንቁላል ነው። አንድ ሕዋስ ለሁለት በተከፈለ ጊዜ፣ በሁለቱ እኅትማማች ሕዋሳት ውስጥ ክሮሞሶሞቹ እንደ መስተዋት ምስል ትይዩ ሆነው ይቀመጣሉ፤ የጫፎቻቸውም ቦታ በኒውክለሱ ላይ ጎልቶ ይቀራል። ክሮቹ ተሠውረው ቆይተው እንደገና ሲገለጡ ጫፎቻቸው በዚያው በጎላው ስፍራ ተገኙ፤ የሁለቱም ሕዋሳት አሰላለፍ እንደ ቀድሞው ትይዩ ሆነ። አሰላለፉ ከአንድ እንቁላል ወደ ሌላው ይለያያል፤ በእኅትማማቾቹ መካከል ግን አንድ ነው። ስለዚህ ክሮሞሶሞቹ ከዓይን ቢሠወሩም አልጠፉም፤ ማንነታቸውን እንደ ያዙ ቆይተዋል ማለት ነው።

ከዚሁ ትል ሌላም አስገራሚ ነገር አገኘ። ፅንሱ መከፋፈል በጀመረ ጊዜ፣ ሥጋ፣ ቆዳና አንጀት የሚሆኑት ሕዋሳት የክሮሞሶሞቻቸውን ጫፎች ቆርጠው ይጥላሉ፤ የቀረውም ብዙ ታናናሽ ቁራጭ ይሆናል። ነገር ግን በእያንዳንዱ አከፋፈል አንዲት ሕዋስ ብቻ ምንም ሳትጥል ክሮሞሶሞቿን ሙሉ እንደ ሆኑ ትጠብቃለች። ቦቬሪ የዚህችን ሕዋስ ትውልድ ተከታትሎ ሲያበቃ፣ ለሚመጣው ትውልድ ዘርና እንቁላል የምታስገኘው እርሷ ብቻ ሆና አገኛት። በሰውና በአብዛኞቹ እንስሳት እንዲህ ያለ መቆረጥ የለም፤ ሆኖም የሥጋ ሕዋስና የዘር ሕዋስ መንገዳቸው ገና ከማለዳው እንደሚለያይ ይህን ያህል ጎልቶ የታየበት ፍጡር አልነበረም።

በኢጣልያ አገር፣ በናፖሊ ከተማ ባሕር ዳር፣ አንቶን ዶርን የሚባለው ጀርመናዊ ያቋቋመው የባሕር እንስሳት መመርመሪያ ጣቢያ አለ። ከብዙ አገር ሊቃውንት እየመጡ ጠረጴዛ ተከራይተው ይሠሩበት ነበር። ቦቬሪም ናፖሊን ከሁሉ አብልጦ ወደዳት። በዚያ የተማረከበት ፍጡር የባሕር ጃርት ነው፤ እሾኹ እንደ ጃርት የቆመ፣ ክብ፣ ከባሕር ወለል ከዓለቱ ጋራ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ነው። እንቁላሉ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ በመሆኑ ፅንሱ ሲያድግ እስከ ውስጡ ይታያል። በ1889 ቦቬሪ ዝናውን ያስነሣለትን ሙከራ አሳተመ። እንቁላሎቹን በብርቱ ነቅንቆ ኒውክለስ የሌለበት ቁራጭ ካገኘ በኋላ፣ በሌላ ዓይነት የባሕር ጃርት ዘር አስፀነሰው፤ ከዚያም የወጣው ፅንስ አባቱን ብቻ መሰለ ብሎ አስታወቀ። ይህ ከሆነ ውርስ የሚተላለፈው በኒውክለስ እንጂ በሌላው የእንቁላል ክፍል አይደለም ማለት ነው። ወሬው በብዙ አገር ተሰማ። ይህን ሙከራ ልብ ይሏል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1890 ገደማ ግን ከድካም ብዛት ጤናው ክፉኛ ታወከ። መንፈሱ ዛለ፤ ለወራት ያህል ሥራ መሥራት አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ጤና አግኝቶ አያውቅም፤ ጥቂት ዓመት ይሻለዋል፣ መልሶ ይጥለዋል። እንዲህ ሆኖ በ1893፣ ገና በ30 ዓመት ዕድሜው፣ በቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ፤ እስከ ሞተበትም ቀን ከዚያ አልተነሣም። በዚያን ጊዜ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የነበረው በ1895 የራጅን ጨረር ያገኘው ሮንትገን ሲሆን፣ ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ።

በ1896 ከአሜሪካ አንዲት ሴት ምሁር ወደ ቩርዝቡርግ መጣች። ማርሴላ ኦግሬዲ ትባላለች። በቦስተን የተወለደች፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በሥነ ሕይወት ከተመረቁት ሴቶች የመጀመሪያይቱ፣ በቫሳር ኮሌጅም ፕሮፌሰር የነበረች ናት። የባቫሪያ ዩኒቨርሲቲዎች ሴት ተማሪ በመደበኛ መዝገብ ማስገባት የጀመሩት በ1903 ስለ ነበር፣ ወደ ቦቬሪ ላቦራቶሪ የገባችው በልዩ ፈቃድ ነው። ቦቬሪ ሴት በምርምር ሥራ ትጸናለች የሚል እምነት ያን ያህል አልነበረውም ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት በ1897 ተጋቡ። ከዚያ በኋላ አብራው ወደ ናፖሊ እየሄደች በሥራው ሁሉ ትረዳው ነበር፤ በማስታወሻ ደብተር ላይ የሰፈረው ውጤት ከሁለት ሰዎች ዓይን የመጣ ነው። በ1900 ማርግሬት የምትባል ሴት ልጅ ተወለደችላቸው፤ እርሷም ኋላ በጀርመን አገር ስመ ጥር ጋዜጠኛ ሆናለች።

የቦቬሪ ታላቁ ሥራ የተሠራው በ1901 መጨረሻና በ1902 መጀመሪያ ባለው ክረምት በናፖሊ ነው። እስከዚያ ድረስ ክሮሞሶሞች ውርስን ይሸከማሉ የሚሉት እንኳ ክሮሞሶሞች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው ብለው ያስቡ ነበር፤ እያንዳንዱ ክር ሙሉውን ውርስ ይይዛል፣ ቢበዛም ቢያንስም ለውጥ የለውም የሚል አሳብ ነበር። ቦቬሪ ይህን የፈተነበት ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። በአንድ የባሕር ጃርት እንቁላል ውስጥ በአንድ ጊዜ ሁለት የወንዴ ዘሮች እንዲገቡ አደረገ። በእንቁላሉ 18፣ በእያንዳንዱ ዘርም 18 ክሮሞሶም ስላለ ድምሩ 54 ይሆናል። እያንዳንዱም ዘር የአከፋፈሉን ሥራ የሚመራ ሴንትሮሶም የሚባል ቅንጣት ይዞ ይገባል፤ ይህን ስም ያወጣለት ራሱ ቦቬሪ ነው። ሴንትሮሶሞቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ሲሆኑ፣ በሁለት ጫፍ መካከል እንደ እንዝርት ሊዘረጋ የሚገባው መሣቢያ በአራት ጫፎች መካከል ይወጠራል፤ እንቁላሉም በአንድ ጊዜ ለአራት ይከፈላል። 54ቱ ክሮሞሶሞች ተሰንጥቀው 108 ይሆናሉ፤ እነዚህም ያለ ሥርዓት ለአራቱ ሕዋሳት ይበተናሉ።

ከእነዚህ እንቁላሎች የወጡት ፅንሶች ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አካላቸው ተጓድሎ ሞቱ። ታዲያ የገደላቸው የቁጥሩ መዛባት ነው ወይስ የዓይነቱ መጓደል? እዚህ ላይ የቦቬሪ አእምሮ ጥራት ይታያል። ለአራቱ ሕዋሳት በአማካይ የሚደርሳቸው 27 ክሮሞሶም ነው። ነገር ግን 18 ብቻ ይዞ የሚያድግ ፅንስ ደኅና ሆኖ እንደሚያድግ አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ 27 ያለው በማነስ ሞተ ሊባል አይችልም። ቀጥሎ አራቱን ሕዋሳት ካልሲየም በሌለበት የባሕር ውሃ ውስጥ አኑሮ አለያያቸው። በደንብ ከፀነሰ እንቁላል የተለያዩ አራት ሕዋሳት አራት ተመሳሳይ ፅንሶች ይሆናሉ፤ ሁለት ዘር ከገባበት የወጡት አራቱ ግን አንዱ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ተበላሹ፤ አንዳንዱም ከሌላው አልፎ ሄደ። ቀጥሎም እንቁላሎቹን እየነቀነቀ አንደኛው ሴንትሮሶም እንዳይከፈል በማድረግ፣ እንቁላሉ ለአራት መሆኑ ቀርቶ ለሦስት እንዲከፈል አደረገ። አሁን ለእያንዳንዱ ሕዋስ በአማካይ 36 ስለሚደርስ ሙሉውን ዓይነት የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል። በእርግጥም ለሦስት ከተከፈሉት መካከል ደኅና ሆነው ያደጉት፣ ቁጥራቸው ከመቶ አሥር ባይሞላም፣ ለአራት ከተከፈሉት እጅግ በዙ።

ይህ ውጤት ከዕጣ ጋራ ይስማማ እንደ ሆነ ለማረጋገጥ ከ1 እስከ 18 ቁጥር የተጻፈባቸውን ኳሶች በክብ ሳሕን ላይ እየበተነ፣ ሳሕኑን አንድ ጊዜ ለሦስት ሌላ ጊዜ ለአራት እየከፈለ፣ በየክፍሉ ሙሉው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ቈጠረ። አንድ ፕሮፌሰር እንደ ሕፃን ኳስ ሲበትን ማየት ሊያስቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ኳሶቹና የባሕር ጃርቶቹ አንድ ዓይነት ምስክርነት ሰጡ። ለጤናማ ዕድገት የሚያስፈልገው የክሮሞሶም ብዛት ሳይሆን፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ አንድ መገኘቱ ነው። እያንዳንዱ ክሮሞሶም የየራሱ ሥራ አለው።

በዚያው በ1902 በአሜሪካ የካንሳስ ገበሬ ልጅ የሆነው ወጣቱ ዋልተር ሰተን፣ የፌንጣን የዘር ሕዋሳት ሲመረምር በሌላ መንገድ ወደ አንድ ቦታ ደረሰ። ሰተን የተማረው በኒውዮርክ ከፕሮፌሰር ዊልሰን ሲሆን፣ ዊልሰን ደግሞ የቦቬሪ የልብ ወዳጅ ነበር፤ በ1896 ስለ ሕዋስ የጻፈውንም ትልቅ መጽሐፍ ለቦቬሪ መታሰቢያ አድርጎለታል። በ1900 የመነኩሴው የሜንዴል የአተር ጥናት ከ34 ዓመት መረሳት በኋላ እንደገና ተገኝቶ ነበር። ሜንዴል እያንዳንዱ ጠባይ በሁለት ድርሻዎች ይወሰናል፣ በዘር ሕዋስ ውስጥ ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይገባል ብሎ ክሮሞሶም ሳያይ በሒሳብ ደርሶበታል። ሰተንም ቦቬሪም በማይክሮስኮፕ ያዩት ይህንኑ ነው። በሜዮሲስ ጊዜ የሚለያዩት ጥንዶች የሜንዴል ድርሻዎች ተሸካሚዎች መሆናቸውን አስታወቁ፤ ትምህርቱም በሁለቱ ስም ይጠራል። ሰተን ምርምሩን ትቶ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሆነ፤ በ1916 በ39 ዓመቱ ሞተ።

ለአገራችን አንባቢ ነገሩን ከሁሉ ይልቅ የምታስረዳው በቅሎ ናት። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም አላቸው፤ በቅሎ ከአንዱ 32 ከሌላው 31 ወርሳ 63 ትሆናለች። ይህ ቁጥር ለሥጋዋ ምንም አይጎድለውም፤ እንዲያውም ከወላጆቿ ትበረታለች። የራሷን ዘር ልታዘጋጅ ስትል ግን የፈረሱና የአህያው ክሮሞሶሞች በደንብ አይጣመሩም፤ ሜዮሲሱ መንገድ ላይ ይቀራል። በቅሎ መካን የምትሆነው ስለዚህ ነው።

የቦቬሪ ዝና በዚህ ሁሉ እየሰፋ ስለ ሄደ፣ በ1912 በበርሊን አቅራቢያ በዳህለም አዲስ የሥነ ሕይወት ምርምር ተቋም ሲታቀድ ዲሬክተር እንዲሆን ተጠራ። ማስተማር የሌለበት፣ ገንዘብና ሠራተኛ የሞላበት፣ ለማንኛውም ሊቅ የሚያስጎመጅ ሹመት ነበር። ቦቬሪ ዕቅዱን አወጣ፤ የሚቀጠሩትንም ሰዎች መረጠ። ከመረጣቸው መካከል ተማሪው የነበረው ሽፔማንና ወጣቱ ቫርቡርግ ይገኙ ነበር፤ ሁለቱም ኋላ፣ ቫርቡርግ በ1931፣ ሽፔማን በ1935፣ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሥራው ሁሉ ተሰናድቶ ካለቀ በኋላ ግን በ1913 ቦቬሪ ሹመቱን አልቀበልም አለ። ጤናው እንደማይችለው ተረድቶ ነበር። ቤቱን ራሱ ነድፎ፣ እንግዶቹን ራሱ ጠርቶ፣ ሳይገባበት ቀረ። በስፍራው የተሾመው ሜንዴልን እንደገና ካስነሡት አንዱ የሆነው ኮረንስ ነው።

በቩርዝቡርግ የቀረው ቦቬሪ በ1914 ስለ ነቀርሳ አመጣጥ አንድ አነስ ያለ መጽሐፍ አሳተመ። በባሕር ጃርት ያየውን ወደ ሰው አዛውሮ፣ ነቀርሳ የሚጀምረው አንዲት ሕዋስ በአከፋፈል ስሕተት የተዛባ የክሮሞሶም ድርሻ ስትቀበል ነው አለ። እርሱ ሐኪም አልነበረም፤ ሐኪሞቹም አሳቡን ያን ያህል አልተቀበሉትም። በዚያን ዘመን የሰው ክሮሞሶም ቁጥር እንኳ በትክክል አይታወቅም ነበር፤ 46 መሆኑ የተረጋገጠው በ1956 ነው። በ1959 ዳውን ሲንድሮም የሚባለው ሁኔታ ከአንድ ትርፍ ክሮሞሶም እንደሚመጣ ታወቀ፤ ይህም በአብዛኛው በእናቲቱ እንቁላል ሜዮሲስ ጊዜ ጥንዱ ሳይለያይ በመቅረቱ የሚደርስ ነው። በ1960 ደግሞ በፊላዴልፊያ በአንድ ዓይነት የደም ነቀርሳ ታማሚዎች ሕዋስ ውስጥ ዘወትር የሚገኝ የተበላሸ ክሮሞሶም ታየ፤ በዚህም ጊዜ የቦቬሪ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ወርዶ እንደገና ተነበበ።

በመጨረሻ ዓመታቱ ቦቬሪን ያስጨነቀው ሌላ ጉዳይ ነበር። በ1889 ዝና ያተረፈለት፣ ኒውክለስ የሌለው የእንቁላል ቁራጭ አባቱን ብቻ ይመስላል ያለበት ሙከራ በብዙ ሰዎች ተነቅፎ ነበር። ቦቬሪ ነቃፊዎቹን በጽሑፍ ከመከራከር ይልቅ በ1911፣ በ1912ና በ1914 ወደ ናፖሊ ተመልሶ ሙከራውን እንደገና ከሥሩ መረመረ። እንቁላሉ በሚነቀነቅበት ጊዜ የኒውክለሱ ሽፋን ሊቀደድና ክሮሞሶሞቹ ሳይታዩ በቁራጩ ውስጥ ሊቀሩ እንደሚችሉ አገኘ፤ ኒውክለስ የለውም ያለው ቁራጭ ያልታየ ኒውክለስ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። በወጣትነቱ የሠራውን ሥራ በ50 ዓመቱ ገደማ በገዛ እጁ አፈረሰው። ጦርነቱ በ1914 ሲፈነዳ ወደ ቩርዝቡርግ ተመልሶ፣ አልጋ ላይ እያለ ይህንኑ መጻፍ ቀጠለ። ኦክቶበር 15 ቀን 1915 በተወለደ በ53 ዓመቱ አረፈ። ጽሑፉ የታተመው ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1918 ነው።

ማርሴላ ቦቬሪ ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተመለሰች። ከ1927 ጀምሮ በኒውሄቨን ከተማ በአልበርተስ ማግነስ ኮሌጅ የሥነ ሕይወትን ትምህርት ክፍል አቋቁማ እስከ 1943 ድረስ አስተማረች። በ1929 የባሏን የነቀርሳ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉማ አሳተመችው፤ ጀርመንኛ የማያነቡት ሐኪሞች በ1960ዎቹ ዓመታት የቦቬሪን አሳብ ያገኙት በእርሷ ትርጉም ነው። እርሷ ራሷ ያረፈችው በ1950 ነበር።